ያልተጠየቀውን የሚናገር ደላላ

በነቀምቴ የበቅሎ ተራ ዱቤ ጆቴን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ወይ በእግሩ መሄድ የሚወድ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ቁመቱ አጠር፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ድምፁ ግን ገበያውን ከዳር እስከ ዳር የሚያዳርስ ደላላ ነበር። ለጉቴ ገበሬ በኦሮምኛ ይምላል፣ ለጎጃም ነጋዴ በአማርኛ ይለማመጣል፤ ሁለቱ ከተጣሉ መሀላቸው ገብቶ ግማሹን በዚህ ግማሹን በዚያ ቋንቋ እያለ ያስቃቸዋል። የሳቀ ሰው ደግሞ ጥሎ አይሄድም፣ ይገዛል።

በዚያን ጊዜ በቅሎ የሚሸጠው በአፍ ሳይሆን በጣት ነበር። ደላላው ጋቢውን ዘርጋ አድርጎ የገዢውን እጅ ከስር ይይዛል። ገዢው የደላላውን ጣቶች እየጨበጠ የሚሰጠውን ዋጋ ያስታውቃል። ደላላው ዞር ብሎ በዚያው ጋቢ ስር የሻጩን እጅ ይይዝና ያንኑ ያደርስለታል። ከላይ የሚወራው ስለ ዝናቡና ስለ ልጆች ጤና ነው፤ አጠገባቸው የቆመ ሰው እንኳ ዋጋው የት እንደ ደረሰ አያውቅም። ዱቤ በዚህ ሥራ ጸጉሩ ሸብቷል።

አንድ ሕግ ነበረው። የተጠየቀውን ይመልሳል፣ ያልተጠየቀውን አይናገርም። አንድ ዓይኗ የማያይ በቅሎ ብትመጣ ደኅናው ዓይኗ ወደ ገዢው እንዲሆን አድርጎ ያቆማታል። «ዓይኗ እንዴት ነው?» ካሉት፣ «ወንድሜ፣ አንተ በዓይኗ ልትሄድ ነው በእግሯ?» ይላል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባል የለ፤ የዱቤም መልስ ከዚያው ዘር ነው። ነገር ግን ዋሽቶ አያውቅም። ይህንን በቤተ ክርስቲያንም በገበያም ደረቱን ነፍቶ ይናገራል። «ዝም አልኩ እንጂ አልዋሸሁም፤ ዝም ደግሞ አይነቅዝም» ይላል።

እንዲህ ያለ ሰው በልቡ የያዘው አንድ ቁስል ነበረው። ልጁ ደራርቱ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ ደረሳ የሚባል የቡና ነጋዴ ልጅ ደግሞ ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች። ይህንን ከተማው ሁሉ ያውቃል። የደረሳ አባት ኦቦ ሞረዳ ግን ሽማግሌ አልልክም ብሎ ቁጭ ብሏል። አንድ ቀን ሰርግ ቤት ተቀምጦ፣ «ከደላላ ቤት ምራት አመጣሁ ብዬ ለማን አወራለሁ?» አለ አሉ። ነገር ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሳይመሽ ዱቤ ጆሮ ገባ። ዱቤ ሰምቶ ሳቀ። እቤቱ ገብቶ ግን እራት አልበላም፤ ሚስቱ ቀለሟ ብትጠይቀው ብትጠይቀው ሆዴን ነው አለ።

አዲሱ የንግድ ሕግ ወጥቶ ወሬው ወለጋ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ለከተማው ነጋዴዎች ትምህርት ይሰጣል ተባለ። መጀመሪያ ሁሉም ሰው የሒሳብ አያያዝ ይማራል፤ ያንን የጨረሰ ከሁለት ትምህርት አንዱን በምርጫው ይወስዳል፣ ወይ የጽሕፈት መኪና፣ ወይ የንግድ ሕግና ግብረ ገብ። ወጣቶቹ ሁሉ ወደ ጽሕፈት መኪናው ሮጡ። መኪናው ይንጣጣል፣ ደወል አለው፣ ሥራም ያስገኛል። ግብረ ገቡን የመረጡት ጥቂት ሸምገል ሸምገል ያሉ ነጋዴዎች ናቸው። ከነሱ አንዱ ኦቦ ሞረዳ ነው።

ዱቤም የሒሳቡን ትምህርት ጨርሶ፣ ሞረዳ የገባበትን ሲሰማ ስሙን እዚያው አስጻፈ። አዴ ቀለሟ እስኪደክማት ሳቀች። «ደላላና ግብረ ገብ» አለች፤ «ድመትን ወተት ጠብቂ ማለት ይሄ ነው።»

«አብሬው አንድ ወንበር ላይ ልቀመጥ» አለ ዱቤ። «ሰው መሆኔን በቅርብ ይየው።»

አስተማሪው አቶ እሸቱ ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት ነበር። ቀጭን ነው፣ ከረባቱን እያጠበቀ ይናገራል፣ የነቀምቴ ጭቃ ጫማውን ስለ በላበት ሁልጊዜ ወደ ታች እያየ ይራመዳል። የመጀመሪያው ቀን ሕጉን ገልጦ ነጋዴ የሚባለው ማን እንደ ሆነ ማንበብ ጀመረ። ዕቃ ገዝቶ የሚሸጥ፣ አለ። የሚያጓጉዝ፣ አለ። መጋዘን የያዘ፣ አለ። እያለ እያለ ሄዶ፣ ደላላ፣ አለ።

ዱቤ ከመቀመጫው ተነሣ። «ይቅርታ አስተማሪ፣ የመጨረሻዋን ድገምልኝ።»

«ደላላ» አለ አቶ እሸቱ።

«ነጋዴ ነው?»

«በሕጉ ነጋዴ ነው።»

«እባክህ አንዴ ጮክ በልልኝ። ወደ ኋላ የተቀመጡት አልሰሙም።» ወደ ኋላ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። አቶ እሸቱም ምኑም ሳይገባው ጮክ ብሎ ደገመለት። ዱቤ ዞር ብሎ ሞረዳን አየው። ሞረዳ መነጽሩን አውልቆ በነጠላው ጫፍ ይጠርግ ነበር።

ያን ዕለት ዱቤ ወደ ቤቱ የሄደው እየሮጠ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። በመንገድ ያገኘውን ሁሉ አቅፎ ይስማል። «አካም ጅርታ፣ ደኅና ነህ፣ ነጋዴ ነኝ እኮ» ይላል ለአንዱ፤ «ሕጉ ራሱ ስሜን ጠራው» ይላል ለሌላው። ዓይኑ እንባ እያዘለ፣ ቤቱ ደርሶ በሩን በትከሻው ከፈተው። «ቀለሟ፣ ሰማሽ? ነጋዴ ነኝ።»

ቀለሟ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ቀና ብላ አየችው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ማንን አግብቼ ነው የኖርኩት?» አለች። ከዚያ ግን ፊቱን ስታየው ማማሰያውን አስቀምጣ እሷም አለቀሰች።

ደስታ ብቻውን መጥቶ ቢሆን ጥሩ ነበር። በሳምንቱ አቶ እሸቱ ሕጉን ዘጋና፣ ዛሬ ግብረ ገብ ነው አለ። አንድ ጥያቄ ጠየቀ። «አንድ ሰው ቤቱን ይሸጣል። ጣራው ያፈሳል፤ እሱ ያውቃል። ጊዜው በጋ ስለሆነ ገዢው አላየም፣ አልጠየቀምም። ሻጩ መናገር አለበት ወይስ የለበትም?»

ክፍሉ ተናወጠ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ የምትባል አቡጀዲ ነጋዴ ነበረች፤ አባቷ ከሸዋ የመጡ ናቸው፣ ንግግሯ ሹል ነው። «ገዢ ዓይን የለውም?» አለች። «ጣራ ስር ቆሞ ቀና ማለት ማን ከለከለው? እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ንስሐ አባቱ አይደለሁም።» ሌላው ነጋዴ መናገር አለበት አለ፤ ሦስተኛው ከተናገረማ ማን ይገዛዋል አለ። ዱቤም የኖረበትን ሕግ አወጣ፣ የተጠየቀ ይመለሳል፣ ያልተጠየቀ አይነገርም አለ፤ ሰውም ትክክል ነው እያለ ራሱን ነቀነቀ።

አቶ እሸቱ ተሳስተሃል አላለውም። «ኦቦ ዱቤ፣ ዓይን የሚያየውንስ ገዢው ይየው» አለ። «ዓይን ሊያየው የማይችለውንስ? ለመጠየቅ እንኳ የማያስበውን? ሕጉ የሚይዝህ ከሸጥክ በኋላ ነው፤ ግብረ ገብ ግን ከመሸጥህ በፊት ይጠይቅሃል።»

 እንዲህ ሲባል ሰው ያፍራል ወይ ይቆጣል፤ ዱቤ ግን ሌላ ሆነ። ውስጡ እሳት የተለኮሰበት ይመስል ደስ አለው። በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ ሥራው፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ጥያቄዋን ይዞ ከተማውን ዞረ። ጸጉር አስተካካዩን ግማሽ ተላጭቶ ሳለ ጠየቀው፤ ሰውየው ምላጩን ይዞ ሲከራከር ዱቤ በግማሽ ጢም እስከ ምሳ ተቀመጠ። ሥጋ ሻጩን ጠየቀው፤ ሥጋ ሻጩ ወደ ጓዳ ገባ። ቄሱን ከስብከት በኋላ ይዞ ጠየቀ፤ ቄሱ እጸልይበታለሁ አሉት። ቤቱም ምሳና እራት የሚቀርበው ከጥያቄዋ ጋር ሆነ። ደራርቱና እናቷ ጣራ የሚል ቃል ሲሰሙ ዓይን ለዓይን መተያየት ጀመሩ።

እንዲህ እያለ ወር ያህል ከሄደ በኋላ ሞረዳ ከትምህርት ሲወጡ ዱቤን በክንዱ ያዘው። ከዚያ በፊት ነክቶት አያውቅም። «ኦቦ ዱቤ፣ ያችን ዳማ በቅሎዬን ታውቃታለህ» አለው። «ቅዳሜ ሽጥልኝ። እሷን ከጨረስን በኋላ፣ ያው፣ የልጆቹን ነገር ቁጭ ብለን እንጫወታለን።»

ዱቤ በቅሎዋን ያውቃታል። እንዴት አያውቃት፤ ውብ ናት፣ ሰጋር ናት፣ ጀርባዋ ላይ ውሃ ቢያስቀምጡ አይፈስስም። ግን አንድ ዐመል አላት። ወንዝ ስትሻገር መሀል ላይ ስትደርስ ትተኛለች። ምን ቢገርፏት፣ ምን ቢለምኗት፣ እስኪበቃት ሳትነሣ ትቀራለች። ዱቤ ይህን በወፍጮ ቤቱ ወንዝ በገዛ ዓይኑ አይቷል፤ የሞረዳ አሽከር እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ እያለቀሰ ይጎትታት ነበር።

«የውሃውን ነገር ግን…» አለ ዱቤ።

«ማን ይጠይቅሃል?» አለ ሞረዳ። «ካልጠየቁህ ምን አስወራህ። ሕጉ ያንተው ሕግ አይደለም እንዴ?»

ዱቤ እሺ አለ። እሺ ማለት ብቻ አይደለም፣ እየዘለለ ሄደ። ሽማግሌ ሊመጣ ነው፣ ሞረዳ እጁን ዘርግቷል፣ ደራርቱ ልትዳር ነው። ቤት ገብቶ ወንበር እንዋስ፣ ግድግዳው ይመረግ፣ ጠጅ በሃይማኖታችን ስለማንጠጣ ብርዝ ይዘጋጅ እያለ ቀለሟን አጣደፋት። ደራርቱ የደስታዋን መጠን ለመደበቅ ወደ ጓሮ ወጥታ ጎመን መንቀል ጀመረች፤ ያልደረሰውን ጎመን ሁሉ ነቀለችው። ቆይታ ተመልሳ፣ «አባባ፣ ያንን የጣራ ጥያቄ ግን ምን ብለህ መለስከው?» አለች። ክፋት አስባ አይደለም፤ ልማድ ሆኖባት ነው።

«ገና እየተማርን ነው» አለ ዱቤ።

ቅዳሜ ደረሰ። በቅሎ ተራው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ሞረዳ ዳማዋን አስጊጦ አቁሟታል፤ እሱም አጠገቧ ቆሟል። ከቢላ አገር የመጣ ተረፈ የሚባል ወጣት ገበሬ አየት አደረጋትና ከዚያ ወዲያ ሌላ በቅሎ አላየም። ጥርሷን ከፍቶ አየ። ሰኮናዋን አንሥቶ አየ። ጭራዋን ይዞ ሳብ አደረገ። ሰነፍ ገዢ አልነበረም። «ትራገጣለች?» አለ፤ አትራገጥም አለ ዱቤ፣ እውነት ነው። «ትደነብራለች?» አለ፤ አትደነብርም አለ ዱቤ፣ ይህም እውነት ነው። ጋቢው ተዘረጋ። ተረፈ የዱቤን ጣት ጨበጠ፤ ዱቤ ዞሮ የሞረዳን ያዘ። ሁለት ጊዜ ተመላለሰ፣ ዋጋው ተቃረበ። ሞረዳ ከጋቢው ስር የዱቤን እጅ ጠበቅ አደረጋት፤ ያ ዋጋ አልነበረም፣ የአማች እጅ ነበር።

የመጨረሻዋን ዋጋ ሊቀበል ዱቤ ወደ ተረፈ ተመለሰ። ከላይ ወሬ ያስፈልጋል፤ ደላላ ዝም ብሎ እጅ አይዝም። «ለመሆኑ ለምን ፈለግሃት፣ ልጄ?» አለው።

«ለእናቴ ነው» አለ ተረፈ። «ዓይኗን ታማለች። ነቀምቴ ሆስፒታል በየጊዜው አምጣት ብለውኛል። በእግሯ መምጣት አትችልም፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ወንዝ አለ።»

የዱቤ እጅ በጋቢው ስር ቆመች።  ልጁ አልጠየቀም፤ ሊጠይቅም አይችልም፣ ውሃ መሀል የምትተኛ በቅሎ አለች ብሎ ማን ያስባል። እንደ ኖረበት ሕግ ከሆነ ዱቤ ንጹሕ ነው። ጣት ጨብጦ ዋጋውን ቢጨርስ ዛሬ ማታ አማች ነው። በሐሳቡ ግን አይቷት የማያውቃት ሴትዮ ከፊቱ ተቀመጠች፤ ዓይኗ የማያይ፣ ከበቅሎ ጋር ውሃ ውስጥ የምትወርድ። ቀና ሲል ሞረዳን አየው። ሞረዳም የልጁን ቃል ሰምቷል፤ ሰምቶ ወደ ሌላ በኩል ይመለከታል። ዱቤ ፈራ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቶ አያውቅም። ደራርቱን አሰበ፣ የነቀለችውን ጎመን አሰበ። እና አፉ ሳያማክረው ተከፈተ።

«ልጄ፣ ይህች ጋንጌ፣ ይህች በቅሎ፣ ውሃ መሀል ትተኛለች» አለ። ልማድ ሆኖበት ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይችልም፤ ገበያው ሁሉ ሰማው። «ሌላ ጉድለት የላትም። ግን ወንዝ ላይ ትተኛለች። ለእናትህ አትሆንም።»

 ተረፈ እጁን ከጋቢው ስር ቀስ ብሎ አወጣ። ዱቤን ለረጅም ጊዜ አየውና፣ «ገለቶሚ፣ አባ» ብሎ ምስጋናውን ሰጥቶ ሄደ። ሞረዳ የበቅሎዋን ገመድ ፈታ፤ ሕዝቡ መንገድ ከፈተለት፣ እየሳበ ወደ ቤቱ ሄደ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ደላሎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ «ደላላ ያልተጠየቀውን ተናገረ፣ ምጽዓት ቀርቧል» አሉ።

ዱቤ እቤቱ ደረሰ። የያዘው ፍርሃት ይሁን ደስታ ራሱም አያውቅም። «ተናገርኩት» አለ፤ ከበሩ ሳያልፍ ሁሉን ዘረገፈው። ቀለሟ ምርጊት የያዘ እጇን ሳትታጠብ ቁጭ አለች። ደራርቱ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ ተኝታ አለቀሰች። በማግስቱም አላናገረችው፤ በሦስተኛው ቀን እራቱን አቀረበችለትና፣ «በቅሎዋ እናቲቱን ብታሰጥማት ኖሮ በዚያ ወንበር ላይ ሽማግሌ ቢቀመጥ ምን ያደርግልኝ ነበር» አለች። ግን አሁንም ዓይኗ ቀይ ነበር።

ማክሰኞ ክፍል ሲገቡ ሞረዳ የለም። ወሬው ቀድሞ ደርሷል። አቶ እሸቱ ከረባቱን አጠበቀ፣ ላላ አደረገው፣ መልሶ አጠበቀው፤ የዱቤን እጅ ይዞ ወዘወዘ። ሸዋጌጥ ብቻ እንደ ወትሮዋ ነበረች። «ወንድሜ ዱቤ፣ ነጋዴ ነህ በተባልክ ማግስት ንግዱን ዘጋኸው» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ ዱቤም ሳቀ። እውነቷን ነበር። ለሁለት ቅዳሜ አንድም ሻጭ በቅሎውን አልሰጠውም። ምላሱን አምኖ ማን ይሰጠዋል? ጋቢውን ተከናንቦ ከገበያው ዳር ተቀመጠ፤ የጠሩት ሲመስለው ብድግ ይላል፣ የተጠራው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ያገኘዋል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ተረፈ ከቢላ ሰዎች ጋር መጣ። ከተራው መግቢያ ላይ ቆሞ፣ «ያ የሚናገረው ደላላ የታለ?» አለ። ደላሎቹ ሁሉ እኔ ነኝ እኔ ነኝ አሉ። ተረፈ አልፏቸው ሄዶ ዱቤን ከዳር አስነሣው። «ለእናቴ በቅሎ ፈልግልኝ። ያንተን አፍ ካልሰማሁ አልገዛም። እነዚህም እንደዚሁ ናቸው።» ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ሻጭ ሥጋት ፊቱ ላይ እየታየ ግራጫ በቅሎ አቀረበ። ከድሮ የሚያውቃት ዱቤ ዞራት፤ ከዚያ በገበያው መሀል በዚያ ድምፁ ጉድለቷን ዘረዘረ፣ በግራ ጎን መጫን አትወድም፣ ጅብ ከሸተታት ትቆማለች፣ ውሃ ግን እንደ መንገድ ትሄድበታለች አለ። ተረፈ እዚያው ገዛት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነቀምቴ ያውቀዋል። ገዢ ሁሉ እጁን በሌላ ሰው ጋቢ ስር አላስገባም አለ። ሻጮቹ አጉረመረሙ፣ ተሳደቡ፣ በመጨረሻም እየተጎተቱ ወደ ዱቤ መጡ። እንዲያውም ጥቂቶቹ ከመሸጣቸው በፊት ጉድለቱን ራሳቸው ሹክ ይሉት ጀመር፤ በገበያ መሀል በዱቤ ድምፅ ከመስማት ይሻላል ብለው። ዱቤ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። ጠዋት ከእንቅልፉ የሚነሣው ገበያ ቀን እየመሰለው ነበር። ግን ማታ ማታ ወሬው ሁሉ ሲያልቅ ዓይኑ ደራርቱ ላይ ያርፋል። የተማረው ትምህርት የልጁን ሽማግሌ አስቀርቷል፤ ይህን የሚመልስ ገዢ የለም።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውሻው ጮኸ። ከበሩ ላይ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ቆመዋል፤ በከተማው ዕርቅና ጋብቻ ያለሳቸው የማይፈጸም አዛውንት ናቸው። ከኋላቸው ሦስት ጃርሶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ አሉ። ከሁሉም ኋላ ደግሞ ኮፍያውን በእጁ የያዘ ሞረዳ። የልጅ አባት ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይመጣም፤ ልማድ አይደለም።  ሽማግሌዎቹን አስገብተው በተገኘው በርጩማ ሁሉ አስቀመጧቸው፤ ቀለሟና ደራርቱ ከመጋረጃው ጀርባ ገቡ። ሞረዳ በራፉ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ግባ ቢሉትም እዚህ ይሻለኛል አለ።

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ወጉ ጀመሩ። የልጁን ዘር አነሡ፣ የልጅቱን ጨዋነት አነሡ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ጨረሱ። ወጉ እንግዲህ የታወቀ ነው፤ የሴት ልጅ አባት አቀርቅሮ፣ እናስብበት፣ ዘመድ እናማክር ብሎ ሌላ ቀን ይቀጥራል። ዱቤ ግን ያን ያህል መቆየት የሚችል ሰው አልነበረም። ልቡ ሞልቶ ሊፈነዳ ነው። ብድግ አለ።

«አባቶቼ፣ ባትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ» አለ። «ደራርቱ ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ ትወዳለች። ወጧ አንድ ቀን ጨው ይበዛዋል፣ አንድ ቀን ጭራሽ የለውም። ስትቆጣ ሁለት ቀን ሙሉ አታናግርም፤ ይህን በቅርቡ በራሴ ላይ አይቻለሁ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ቀለሟ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። ሰው በገዛ ልጁ እንዲህ ያደርጋል? አንደኛው ጃርሳ ሳቁን ለመዋጥ ሳል አበዛ። አቶ ሀብተጊዮርጊስ በሽምግልና ዘመናቸው ብዙ ነገር ሰምተዋል፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰሙም፤ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አዛወሩ። ዱቤ ራሱ የተናገረውን የሰማው ከተናገረ በኋላ ነበር። 

መጋረጃው ተገለጠና ደራርቱ ወጣች። ይህም ልማድ አይደለም፤ ግን ያ ቤት በዚያ ቀን ልማድ የሚባል ነገር አልቀረውም። እጇን አጣምራ ቆመች። ፊቷ በእፍረት ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«አባቴ የኔን ተናግሯል። ሐሰት የለበትም» አለች። «የደረሳንስ ማን ይናገራል?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልጁ ደኅና ልጅ ነው፤ ምን ይበሉ?  ከዚያ ከበራፉ ላይ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ ድምፅ ነው፣ ሁሉም ዞረ።

«የልጄ ጉድለት አባቱ ነው» አለ ሞረዳ። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይጨምቅ ነበር። «ያች ሴትዮ ወንዝ እንደምትሻገር ሰምቼ ዝም ብዬ የቆምኩ ሰው ነኝ። ዱቤ ባይናገር እኔ አልናገርም ነበር። ይህን ሳታውቂ ወደ ቤቴ እንዳትገቢ ብዬ ነው ከሽማግሌ ጋር የመጣሁት።»

 ደራርቱ አየችው።

«ይህንንስ አውቀው ነበር፣ ኦቦ ሞረዳ» አለች። «ከአፍዎ እስክሰማው ነበር የጠበቅኩት።»

ከዚያም ለሱ ወንበር ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች።